ከከባድ የልብና የአዮርታ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ፈሳሽ፦ ማነሱም መብዛቱም ይጎዳል

ዕድሜዋ 24 ዓመት፣ ክብደቷ 55 ኪሎ ግራም የሆነች፣ በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት የሚትራል ቫልቭዋ የተለወጠላት አንዲት ሕመምተኛ ለምሳሌ ትወሰድ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባች ስድስት ሰዓት ሆኗታል። ጊዜው ሌሊት ነው። የደም ግፊቷ ወደ 82 በ50 ወርዷል፤ የማዕከላዊ ደም መልስ ግፊቷ 18 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደርሷል፤ ባለፈው አንድ ሰዓት የሸናችው 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በደረቷ ቱቦ በየሰዓቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይወርድ የነበረው ደም በዚሁ ሰዓት 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆኗል። ተረኛዋ ነርስ ለተረኛው ሐኪም ደውላ የምትጠይቀው ጥያቄ የልብ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የተለመደ ነው፦ «ተጨማሪ ፈሳሽ ይሰጣት?»

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ የሕመምተኛዋን ዕጣ ሊወስን ይችላል። በከባድ የልብና የአዮርታ ቀዶ ሕክምና ያለፈ ሰው ፈሳሽ ሲያንሰው ኩላሊቱ፣ አንጀቱና ኅብለ ሰረሰሩ የሚበቃ ደም ያጣሉ፤ ሲበዛበት ደግሞ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፣ የቀኝ ልቡ ይለጠጣል፣ ያው ኩላሊት በሌላ መንገድ ይጎዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሚሆን ማስረዳትና በአልጋው አጠገብ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ፈሳሽ ከመስጠቱ በፊት ሊመዝናቸው የሚገቡትን ነገሮች ማመልከት ነው።

ፈሳሽ እንደ መድኃኒት

በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት የተጀመረው ከኮሌራ ጋር በተደረገ ትግል ነው። ቶማስ ላታ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1832 በኮሌራ ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን ጨው ባለው ውኃ ማከሙን አሳውቋል። በዚያ በሽታ የጎደለው ውኃና ጨው ሲሆን ልቡ ግን ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ የጎደለውን መተካት በራሱ ሕክምና ነው። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ሁለቱም ሁኔታዎች አይሟሉም። የደም ግፊት መውረድ ሁልጊዜ የፈሳሽ ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ልቡም የተጨመረለትን ሁሉ ወደ ፊት ለመርጨት ዋስትና አይሰጥም።

ፈሳሽ በጭፍን መስጠት ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመው «ፊስት» የተሰኘው ጥናት በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 በከባድ ትኩሳት የታመሙና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናትን አካትቷል። በፍጥነት አልቡሚን ከተሰጣቸው 10.6 በመቶ፣ በፍጥነት ሳላይን ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የቀዶ ሕክምና ሕሙማንን ባይመለከትም፣ የደም ዝውውር የተዳከመበት ሰው ሁሉ ፈሳሽ በመጨመር ይድናል የሚለውን አስተሳሰብ ከመሠረቱ ያናጋ ነው። በመሆኑም ፈሳሽ እንደማንኛውም መድኃኒት የሚሰጥበት ምክንያት፣ መጠን፣ ጎጂ ጎንና ማቆሚያ ጊዜ ሊኖረው ይገባል።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት በሰውነት ላይ የሚደርሰው ለውጥ

ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953 በሰው ሠራሽ የልብና የሳንባ መሣሪያ በመታገዝ የመጀመሪያውን የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ፣ አብዛኛው የልብ ውስጥ ቀዶ ሕክምና በዚህ መሣሪያ እየታገዘ ይከናወናል። ለዐዋቂ ሰው የሚያገለግል መሣሪያ ቱቦዎቹ አስቀድመው በአንድ ሊትር ወይም ከዚያ በለጥ ባለ ፈሳሽ መሞላት አለባቸው። ይህ ፈሳሽ ከሕመምተኛው ደም ጋር ሲቀላቀል ደሙ ይቀጥናል፣ የፕሮቲኑ መጠንም ይቀንሳል። ደሙ ከቱቦዎቹ ገጽታ ጋር በመነካካቱ የሚቀሰቀሰው የብግነት ሂደት ደግሞ የደቂቅ ደም ሥሮችን ግድግዳ አሳላፊ ያደርገዋል። በጤነኛ ሰው ዘንድ እንኳ በደም ሥር ከሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ ውሎ አድሮ በደም ሥር ውስጥ የሚቀረው አንድ አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ግድግዳው ሲያሳልፍ የሚቀረው ከዚህም ያንሳል፤ የቀረው ወደ ሕብረ ሕዋሳት ገብቶ እብጠት ይሆናል።

በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ ከመግባቱ በፊት ከነበረው በርካታ ኪሎ ግራም ጨምሮ፣ ነገር ግን የደም ሥሩ ውስጥ ያለው ደም አንሶት ሊገኝ ይችላል። ሰውነቱ አብጧል፤ የደም ዝውውሩ ግን ጎድሎበታል። በተጨማሪም ቀዝቅዞ የነበረው ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሞቅ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ግፊቱ ይወርዳል። በእነዚህ ሰዓታት በብዛት የሚወርደው ሽንትም ሊያታልል ይችላል፤ የደሙ መቅጠንና በመሣሪያው ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ማኒቶል ሽንትን ስለሚያበዙ፣ ብዙ ሽንት ማየት ብቻውን የደም ዝውውሩ በቂ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ከሽንቱ ጋር ፖታሲየምና ማግኒዚየም ስለሚወጡም የልብ ምት መዛባትን ለመከላከል ክትትል ያስፈልጋል።

ልብ ምን ያህሉን ይቀበላል?

የልብ ጡንቻ በልክ ሲለጠጥ በበለጠ ኃይል እንደሚኮማተር በኦቶ ፍራንክና በኧርነስት ስታርሊንግ ስም የሚታወቀው ሕግ ያስረዳል። ይህ ግን ወሰን አለው። ከተወሰነ ደረጃ በኋላ የሚጨመረው ፈሳሽ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ሳይጨምር ከኋላው ያለውን ግፊት ብቻ ከፍ ያደርጋል። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የልቡ የቀድሞ ሕመም ነው።

አዮርታዊ ቫልቩ ለዓመታት ጠቦ የኖረ ሰው የግራ የታችኛው የልቡ ክፍል ወፍራምና ግትር ይሆናል። እንዲህ ያለው ልብ በሚገባ ካልተሞላ አይረጭም፤ ጥቂት ፈሳሽ ሲበዛበት ግን ግፊቱ ወዲያው ወደ ሳንባ ይሻገራል። ቫልቩ ከተለወጠ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ወፍራሙ ጡንቻ ራሱ የደሙን መውጫ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የልብን ኃይል የሚያበረታ መድኃኒት መስጠት መውጫውን የበለጠ ሲያጠብ፣ ፈሳሽ መጨመርና የልብ ምቱን ማዝገም ግን ሕመምተኛውን ያድነዋል።

ሚትራል ቫልቩ ለረጅም ጊዜ የጠበበ ሰው ሁኔታው የተለየ ነው። በሳንባው የደም ሥሮች ውስጥ ግፊት በመጨመሩ የቀኝ ልቡ ደክሟል። በዚህ ልብ ላይ ፈሳሽ ሲበዛ የቀኙ ክፍል ተለጥጦ መካከለኛውን ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋል፤ የግራው ክፍል መሙያ ቦታ ያጣል፤ የደም ግፊቱም ይበልጥ ይወርዳል። ለወረደው ግፊት እንደገና ፈሳሽ ከተሰጠ አዙሪቱ ይቀጥላል። ሚትራል ቫልቩ ያፈስ የነበረ ሰው ደግሞ ቫልቩ ሲስተካከል የደከመ የግራ ልቡ ድንገት ሙሉውን ጫና ስለሚሸከም፣ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ፈሳሽ ሳይሆን የልብን ኃይል የሚያበረታ መድኃኒት ነው።

ሩማቲክ የልብ በሽታ በኢትዮጵያ ወጣቶችን ለቫልቭ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ለሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከጠና፣ የሳንባ የደም ግፊታቸውም ከፍ ካለ በኋላ በመሆኑ፣ በዕድሜ ለገፉና የልባቸው ደም ቅዳ ለጠበበባቸው ሕሙማን የተዘጋጀ የፈሳሽ መመሪያ እንዳለ ሊሠራባቸው አይችልም።

ኩላሊት ከሁለት ወገን ሲጨነቅ

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርስ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመውና 3,511 የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ ለንጽጽር ከተመደቡት መካከል 31.7 በመቶ የሚሆኑት ይህ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በደም ሥር አሚኖ አሲድ በተሰጣቸው ዘንድ ቁጥሩ ወደ 26.9 በመቶ ዝቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት ጉዳቱ አለ የሚባለው ክሬያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲጨምር፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከነበረበት አንድ ተኩል እጥፍ ሲደርስ፣ ወይም ሽንት ለስድስት ሰዓት በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም በታች ሲሆን ነው።

የሽንት መቀነስ በልማድ ፈሳሽ ለመጨመር ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ኩላሊት ግን ደም የሚያገኘው በሚገባበትና በሚወጣበት ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። በመግቢያው የተጠቀሰችው ሕመምተኛ አማካይ የደም ግፊት 61 ያህል ነው፤ ከዚህ ላይ የደም መልሱ ግፊት 18 ሲቀነስ ለኩላሊቷ የሚተርፈው 43 ብቻ ነው። አማካይ ግፊቷ ሳይለወጥ የደም መልሱ ግፊት 8 ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 53 ይሆን ነበር። ፈሳሽ ሲጨመርላት የደም ቅዳው ግፊት ሳያድግ የደም መልሱ ግፊት ብቻ ቢያድግ፣ ኩላሊቷን ለማዳን የተሰጠው ፈሳሽ ኩላሊቷን ይጎዳል።

ይህ ማለት ግን ፈሳሽ መንፈግ ይበጃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ሪሊፍ» የተባለ ጥናት ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 3,000 ያህል ሰዎች ተከታትሎ፣ ፈሳሽ በተቆጠበባቸው ዘንድ የኩላሊት ጉዳት 8.6 በመቶ፣ በልግስና በተሰጣቸው ዘንድ ግን 5.0 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ከሁለቱ ጽንፎች አንዱን መርጦ በሁሉም ሕሙማን ላይ መጫን እንደማያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአዮርታ ቀዶ ሕክምና ልዩ ጠባይ

አዮርታ በመቆንጠጫ ሲያዝ ከመቆንጠጫው በታች ያለው አካል ደም ያጣል። መቆንጠጫው ሲለቀቅ የተጠራቀመው አሲድና ፖታሲየም ወደ ልብ ይመለሳል፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የደም ግፊቱ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ከመልቀቁ በፊት ለሰመመን ባለሙያው ማሳወቁ፣ ፈሳሹ ወይም ደሙ አስቀድሞ መሰጠቱና መቆንጠጫው ቀስ በቀስ መለቀቁ ወሳኝ ነው። ሆድ ተከፍቶ የአዮርታ ጥገና የተደረገለት ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ፈሳሽ ወደ ሕብረ ሕዋሳቱ ይሸሽበታል፤ ከዚያ በኋላ ያው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን የታዘዘው መጠን በሦስተኛው ቀን ሳይከለስ ከቀጠለ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል።

በደረትና በሆድ የሚያልፈው የአዮርታ ክፍል ሲጠገን የሚፈራው ትልቁ ጉዳት የእግር ሽባነት ነው። ኅብለ ሰረሰር ደም የሚያገኘው ከአማካይ የደም ግፊት ላይ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ግፊት ተቀንሶ በሚቀረው ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመና 145 ሕሙማንን ባካተተ ጥናት ይህንን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ መቀነስ ሽባነትን ወይም የእግር መድከምን ከ13.0 በመቶ ወደ 2.6 በመቶ አውርዷል። ይሁንና ሽባነቱ ሕመምተኛው ነቅቶ እግሩን ካንቀሳቀሰ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊከሰት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚቀድመው የደም ግፊት መውረድ ነው። በደም መፍሰስ ወይም ያለ ልክ በተሰጠ አሸኚ መድኃኒት ምክንያት የወረደ ግፊት ለሌላው ሕመምተኛ የአንድ ሌሊት ጭንቀት ሲሆን፣ ለዚህኛው የዕድሜ ልክ ሽባነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አማካይ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ወሰን ይጠበቃል፤ እግሩን ማንቀሳቀሱም በየሰዓቱ ተጠይቆ ይመዘገባል።

አዮርታው ፈንድቶ ለመጣ ሕመምተኛ ደግሞ ደንቡ ተቃራኒ ነው። ደሙ ከመገታቱ በፊት ፈሳሽ በብዛት መስጠት ግፊቱን ከፍ አድርጎ የረጋውን ደም ያላቅቃል፤ ሙቀቱንም ይቀንሳል። ሕመምተኛው ንቁ እስከሆነ ድረስ ዝቅ ያለ ግፊትን ታግሦ በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና ማድረስ ይመረጣል።

የትኛው ፈሳሽ?

ኖርማል ሳላይን በአንድ ሊትር 154 ሚሊ ሞል ክሎራይድ ሲይዝ በደም ውስጥ ያለው 100 ገደማ ነው፤ በብዛት ሲሰጥም ደሙን አሲዳማ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በ15,802 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ እንደ ሪንገር ላክቴት ያሉ የተመጣጠኑ ፈሳሾች ሞትን፣ አዲስ የኩላሊት እጥበትንና ዘላቂ የኩላሊት ጉዳትን በአንድነት ከ15.4 ወደ 14.3 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። በ2022 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት ግን በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ የተመጣጠነውን ማስቀደም ተገቢ ቢሆንም ከዓይነቱ ይልቅ መጠኑ የበለጠ ያሳስባል።

ስታርች ያለባቸው ፈሳሾች እ.ኤ.አ. በ2012 በ7,000 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸውን ከ5.8 ወደ 7.0 በመቶ ከፍ በማድረጋቸውና ሌሎች ጥናቶችም ጉዳታቸውን በማሳየታቸው፣ በ2022 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከገበያ ታግደዋል። አልቡሚንም ውድ ከመሆኑ በላይ፣ በዚያው ዓመት 1,386 የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማን ላይ በታተመ ጥናት ከሪንገር አሲቴት የተሻለ አጠቃላይ ውጤት አላስገኘም፤ የደም መፍሰስም በእርሱ በዝቷል። ውድ ፈሳሽ ያላገኘ ሆስፒታል በዚህ ምክንያት ብቻ ሕሙማኑን እንደበደለ ሊቆጥር አይገባም።

ሕመምተኛው የሚያጣው ደም ከሆነ ግን ጨዋማ ውኃ ምትክ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና ከ5,000 በላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንን ያካተተው ጥናት ሄሞግሎቢን ከ7.5 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ብቻ ደም መስጠት በልግስና ከመስጠት የከፋ ውጤት እንደሌለው አረጋግጧል። ይህ ወሰን ደም በፍጥነት እየፈሰሰው ላለ ሰው የሚያገለግል አይደለም።

በአልጋው አጠገብ

ፈሳሽ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ሊመለሱ ይገባል።

የመጀመሪያው የደም ዝውውሩ በእርግጥ ጎድሏል ወይ የሚለው ነው። የእጅና የእግር ቅዝቃዜ፣ ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ደም የሚመለስበት ጊዜ፣ የንቃተ ሕሊና ለውጥ፣ የላክቴት መጨመርና የሽንት መጠን በአንድነት ይታያሉ። ሽንቱ ብቻ ቀንሶ ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ ለመጠበቅ ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ምክንያቱ ምንድን ነው የሚለው ነው። ደም መፍሰስ፣ የልብ መድከም፣ የምት መዛባት፣ የደም ሥሮች መስፋት፣ ደም በልብ ዙሪያ ተጠራቅሞ ልብን መጭመቁ፣ አየር በደረት ውስጥ መታፈኑ እያንዳንዳቸው የተለየ ሕክምና አላቸው። ከአዮርታ ጥገና በኋላ የሆድ ውስጥ ግፊት መጨመርም ሽንትን ያቆማል፤ ፈሳሽ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ሦስተኛው ልቡ ፈሳሹን ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ነው። የማዕከላዊ ደም መልስ ግፊት ቁጥር ብቻውን ይህንን አይመልስም። የተሻለው ዘዴ የሕመምተኛውን እግሮች በ45 ዲግሪ ከፍ በማድረግ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም እንደ ጊዜያዊ ፈሳሽ መጠቀም ነው። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ልብ የሚረጨው ደም በአልትራሳውንድ ሲለካ ከ10 በመቶ በላይ ካደገ ፈሳሹ ሊጠቅም ይችላል፤ ካላደገ እግሮቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የተጨመረው ሁሉ ይመለሳል፤ የደረሰ ጉዳትም የለም። መለኪያው በሌለበት የላይኛውና የታችኛው የደም ግፊት ልዩነት መስፋቱን ማየት፣ ፍጹም ባይሆንም፣ ይረዳል።

ፈሳሽ እንዲሰጥ ከተወሰነ በኪሎ ግራም 4 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 55 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ሴት 220 ሚሊ ሊትር፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይሰጥና ሁኔታዋ እንደገና ይመረመራል። ለውጥ ካልታየ አይደገምም። የገባውና የወጣው በየሰዓቱ ይመዘገባል፤ ከተቻለም ሕመምተኛው በየቀኑ ይመዘናል። የደም ዝውውሩ ሲረጋጋ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ፣ የተጠራቀመውን በአሸኚ መድኃኒት ቀስ በቀስ ማውጣት የሕክምናው ሁለተኛ ምዕራፍ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀመስ ማዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ተራው ከሰዓት በኋላ የደረሰው፣ አሸኚ መድኃኒትም የሚወስድ ሕመምተኛ በዚህ ምክንያት ሰመመኑ ሲሰጠው ደርቆ ይደርሳል። የጨጓራው እንቅስቃሴ ጤናማ ለሆነ ሰው ሰመመን ከመሰጠቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ ንጹሕ ውኃ መጠጣት በዘመኑ መመሪያዎች የተፈቀደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ፣ ከዚያ በፊትና በኋላም በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ወደየመኖሪያቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱ አንዱ ተቅማጥ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ፉሮሴማይድና ዋርፋሪን እንደሚወስድ መጠየቅ ግድ ይላል። ውኃ ያጣ ሰው አሸኚውን ከቀጠለ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ በሌላ በኩል ከረጢት በከረጢት ላይ በፍጥነት ቢሰጠው ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። መጠጣት ከቻለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ አሸኚውን ለጊዜው ስለማቆም ከሐኪሙ ጋር መመካከር፣ የደም መርጋት መለኪያውንም ፈጥኖ ማስመርመር ያስፈልጋል። በጾም ወራት ውኃ ለረጅም ሰዓት የማይቀምሱ ሕሙማንም ከጾሙ በፊት ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባታቸው ጋር እንዲመክሩ መንገር የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። ክብደቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ ግራም በላይ የጨመረ ሰውም እብጠት እስኪታይ ሳይጠብቅ መታየት አለበት።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ወደተጠቀሰችው ሕመምተኛ ስንመለስ፣ የደም ዝውውሯ በእርግጥ ጎድሏል። ይሁን እንጂ የደም መልሷ ግፊት ከፍ ማለቱና ከደረቷ ቱቦ ይወርድ የነበረው ደም በድንገት መቆሙ ሲጣመሩ የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው፤ ቱቦው በረጋ ደም ተዘግቶ፣ ደሙ በልቧ ዙሪያ ተጠራቅሞ ልቧን እየጨመቀው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀዶ ሐኪሙን ወዲያው መጥራት፣ ቱቦውን ማረጋገጥ፣ ጊዜ ከፈቀደ በአልትራሳውንድ ማየትና ደረቷን እንደገና ለመክፈት መዘጋጀት ነው። እስከዚያ ድረስ ጥቂት ፈሳሽ ጊዜ ሊገዛላት ይችላል፤ ምርመራውን ተክቶ እስከ ንጋት ቢንጠባጠብላት ግን ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። በመሆኑም ተረኛዋ ነርስ ስትደውል ከተረኛው ሐኪም የሚጠበቀው መልስ «ይሰጣት» ወይም «አይሰጣት» ከማለት በፊት፣ «የደረቷ ቱቦ ምን ያህል እየወረደ ነው?» ብሎ መጠየቅና ተነሥቶ መምጣት ነው።